ልብ ወለድ በ30 ቀን፣ በዓመት ወይስ በየሳምንቱ? የትኛው ለማን ይሆናል

ላፕቶፔ ላይ «ምዕራፍ አንድ» የሚል ስም ያላቸው ሰባት ፋይሎች አሉ። «ምዕራፍ ሁለት» የሚል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባዶ ነው። አስር ዓመት ሙሉ ልብ ወለድ ጀማሪ ነበርኩ ማለት ነው። ጀማሪ ስል ተለማማጅ ማለቴ አይደለም። ጀምሮ የሚተው።

ችግሬ ሐሳብ ማጣት ነው ብዬ አስብ ነበር። አልነበረም። የመጨረሻ ቀን የሚባል ነገር አለመኖሩ ነበር። ቢሮ ውስጥ ሪፖርት «እስከ ዓርብ» ከተባለ ዓርብ ይደርሳል። ልብ ወለዴን ግን ማንም «የት ደረሰ?» ብሎ አይጠይቀኝም። ስለዚህ ከ2015 ጀምሮ ዴድላይን ያለባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ሞከርኩ። በ30 ቀን ሩጫ፣ በቀን አንድ ገጽ፣ ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ። አራተኛም አለ፣ እሱ ትንሽ ነው።

ፍርዴን እስከ መጨረሻ አልደብቅም። ልብ ወለድ ጨርሳችሁ የማታውቁ ከሆነ የ30 ቀኑን ውሰዱ። አንዴ የጨረሰ ሰው ግን በቀን አንድ ገጽ ይሻለዋል። ቴሌግራሙን የምመክረው ለጥቂት ሰው ነው።

የ30 ቀን ሩጫ

ነገሩ የተጀመረው በአውሮፓውያን 1999 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። ክሪስ ቤቲ የሚባል ሰው ጓደኞቹን አሰባሰበና 21 ሆነው በአንድ ወር ልብ ወለድ ለመጻፍ ተነሱ። በሁለተኛው ዓመት ወሩ ወደ ኖቬምበር ዞረ። ናኖራይሞ የሚባለው እሱ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ በ30 ቀን 50,000 ቃል። በቀን 1,667 ይመጣል። ዳኛ የለም። የሚያስቀና ሽልማትም የለም። አሸነፈ ማለት ጨረሰ ማለት ነው። ሩጫውን ይመራ የነበረው ድርጅት በ2017 መጋቢት መዘጋቱን አስታውቋል። ግን ወር ለመቁጠር ድርጅት አያስፈልግም።

እኔ የተሸወድኩት 50,000ው ላይ ነው።

«ስላልነገርኳት» የሚለውን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለማለት ስድስት ቃል ያወጣል። እኛ አንድ። ማን ለማን እንዳልነገረ፣ ምክንያት መሆኑ ሳይቀር፣ አንድ ግስ ውስጥ ታጭቋል። ስለዚህ 50,000 የአማርኛ ቃል ከ50,000 የእንግሊዝኛ ቃል የበለጠ ወፍራም መጽሐፍ ይወጣዋል። በ2015 ጥቅምት 22 ስጀምር ይህን አላሰብኩትም። ኅዳር 12፣ በ21ኛው ቀን፣ 23,000 ቃል ይዤ ቆምኩ። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። በ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረው ማጠን እስከ ዛሬ አልቀረምና ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። መስኮት ዘግቼም ጭሱ ገባ። ዓይኔ ያነባል፤ መጽሐፍ ሳይሆን እንባ። ከሚፈለገው 12,000 ቃል ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

አሁን ሳሰላው በቀን ወደ 1,100 ቃል እየጻፍኩ ነበር። ሯጩ ደህና ነበር። ሜትሩ ነው የሰው።

ለአማርኛ የምመክረው 30,000 ነው። በቀን 1,000። በታተመ ገጽ 250 ቃል ገደማ ብንይዝ 120 ገጽ ይወጣዋል፤ እጅ ላይ የሚጨበጥ መጽሐፍ ነው። በነገራችን ላይ፣ እንደ ድሮው በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ የምታደርጉ ከሆነ ክፍት ቦታም ጨምሩበት። አለበለዚያ ኮምፒውተሩ አንቀጹን በሙሉ አንድ ቃል ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። አንድ አዛውንት ወዳጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጽፈው የቃል ብዛት «4» ይላቸዋል። ማሽኑን የተራገሙትን እርግማን ብንቆጥረው ከዚያ ይበልጣል።

ወር መምረጥ ደግሞ ለእኛ ይቀላል። 12ቱም ወር 30 ቀን ነው። ጥር አትሞክሩት፤ ጥምቀትና ሠርግ ተባብረው ይበሉታል። መስከረም የልጆች ዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ክፍያ ወር ነው። የኔ ምርጫ ሐምሌ ነው። ዝናብ ነው፣ ሠርግ የለም፣ «እንውጣ» የሚል ሰው ይቀንሳል። ሱቅ ያላችሁ ግን ሐምሌ የግብር ወር ስለሆነ ጥቅምትን አስቡበት።

እኔ ሁለተኛውን ሩጫ የጀመርኩት በ2017 ሐምሌ 1 ነው። አራት ኪሎ አንድ ካፌ አለ። ከሥራ ስወጣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 1 ሰዓት ተኩል እዚያ እቀመጣለሁ። ቦታዬ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ የሚሠራው ሶኬት እዚያ ብቻ ነው። ሰው በገባና በወጣ ቁጥር በሩ ወንበሬን ይመታል። ለምጄው ነበር።

ሐምሌ 17 ላይ ተቸከልኩ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከሥራ ወጥታ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ቤት ስትደርስ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ስለዚህ አላደርሳትም። ዝናቡን ገለጽኩ። ከፊቷ ያለውን ሰውዬ ጃንጥላ ገለጽኩ። የጃንጥላውን የተሰበረች ሽቦ ገለጽኩ። ቆጠራው በቀን 1,000 ይላል፣ ታሪኩ ግን ካቆምኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን አስተናጋጇ ማኪያቶዬን እያስቀመጠች፣

«ጋሼ፣ ልጅቷ ቤቷ ገባች?» አለችኝ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ነግሬያት ነበር።

«አልገባችም። ሰልፍ ላይ ናት።»

«ዛሬም?» ትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ አየችኝ። «በቃ ኮንትራት ያስይዟታ!»

ሳቅኩ። ከዚያ አሰብኩት። ኮንትራት ለመያዝ ብር የላትም። ብር ከሌላት ለሰው መደወል አለባት። በዚያ ሰዓት ለማን? ከምዕራፍ ሁለት ጀምሮ እኔም እሷም ስንሸሸው ለከረምነው ለአባቷ። ያን ማታ 1,900 ቃል ጻፍኩ። በሩ ስንት ጊዜ እንደመታኝ አላስታውስም።

የሩጫውን ጥቅም ጠቅልለህ ንገረን ብትሉኝ ያን ማታ ነው የማሳያችሁ። ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ ስቸከል ፋይሉን ዘግቼ ስምንተኛ «ምዕራፍ አንድ» እጀምር ነበር። እንደ ሁልጊዜው። ግን 13 ቀን ቀርቶኛል፣ ነገም 1,000 ቃል አለብኝ። መሸሻ ሲጠፋ አባትየው ስልኩን አነሳ።

ዋጋውንም ልንገራችሁ። ረቂቁ ያሳፍራል። ምዕራፍ ስድስት ላይ የቀበርኩት አጎት ምዕራፍ አስራ አራት ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። የጎረቤቷ ስም ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። «ፈገግ አለች» የሚለውን ፈልጌ ስቆጥር 61 ቦታ አገኘሁ፤ ይህች ሁሉ ፈገግታ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ታሪኩ የሐዘን ነው። ለመጻፍ 30 ቀን ፈጀ፣ ለማረም ወራት ቆጥሬያለሁ፣ ገና ግማሹ ላይ ነኝ። በዚህ ሩጫ ተጀምረው ዓለም ያነበባቸው መጻሕፍት አሉ። የኤሪን ሞርገንስተርን «ዘ ናይት ሰርከስ» አንዱ ነው። እሱም ቢሆን በአውሮፓውያን 2011 የታተመው ለዓመታት ከተጻፈና ከተፈረሰ በኋላ ነው። በወሩ መጨረሻ ላይ የሚገኘው መጽሐፍ ሳይሆን የመጽሐፍ ሊጥ ነው።

«ዶስቶየቭስኪስ በ26 ቀን ጽፎ የለም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጽፏል። በ1866 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ስቴሎቭስኪ ከሚባል አሳታሚ ጋር ክፉ ውል ገብቶ ነበር። እስከ ኖቬምበር 1 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ ሰውዬው ለዘጠኝ ዓመት ሥራዎቹን በነጻ ያትማል። አንድ ወር ሲቀረው አና የምትባል የ20 ዓመት ፈጣን ጸሐፊ ቀጠረ። እሱ እየተናገረ እሷ እየጻፈች «ቁማርተኛው»ን ጨረሱ። አሳታሚው መጽሐፉ እንዳይደርሰው ከከተማ ጠፋ። ዶስቶየቭስኪም ረቂቁን ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት አናን አገባት።

ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ሁለት ነገር አብሮ ይነገር። ሰውዬው 20 ዓመት የጻፈ ሰው ነው። ሐሳቡንም ከሦስት ዓመት በፊት ለወዳጁ በደብዳቤ ገልጾት ነበር። ቁማርንም ቢሆን ኪሱን አራግፎ የሚያውቅ ሰው ነው። 26ቱ ቀን የመጻፊያ እንጂ የማሰቢያ አልነበረም። እናንተም ወሩ ከመግባቱ በፊት ታሪኩን በሆዳችሁ አብስሉት። መቼቱን፣ ሁለት ሦስት ሰዎችን፣ እና በጭላንጭልም ቢሆን መጨረሻውን ያዙ። ትልሙን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም። ያለ ምንም ነገር መግባት ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ያስቀራል፣ ከልምድ ነው የምነግራችሁ።

በቀን አንድ ገጽ

ይህ የጨዋ መንገድ ነው። በ2016 መስከረም 1 ወፍራም ደብተር ገዛሁ። በየቀኑ አንድ ገጽ፣ በእስክሪብቶ። የኔ የእጅ ጽሑፍ በገጽ 150 ቃል ይይዛል። በዓመት ከ54,000 ቃል ይበልጣል። መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለኝም። ሶኬት አልፈልግም። ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ሄጄ መቀመጥ እችላለሁ፤ አብርሆትም ጠዋት ተማሪው ሳይሞላው ከደረስኩ እንዲሁ።

ዓረፍተ ነገሮቹ ደግሞ ያምራሉ። ይህን መካድ አልችልም። አንድ ገጽ ብቻ ሲኖራችሁ ቃል ትመርጣላችሁ። ከሩጫው ረቂቅ አጠገብ ብታስቀምጧቸው የሁለት ሰው ጽሑፍ ይመስላሉ።

የደረሰብኝን ግን ስሙኝ። ታሪኩን ያስቀመጥኩት ዶሮ ማነቂያ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ እዚያ ይኖራሉ፣ እዚያ ይጣላሉ፣ አንዷ እዚያ ሻይ ቤት አላት። በየሳምንቱ እየሄድኩ አያለሁ፣ ሽታውን ሳይቀር እመዘግባለሁ። መጋቢት ላይ ገጽ 170 አካባቢ ስደርስ ሰፈሩ ፈረሰ። ሻይ ቤቷ የነበረችበትን ቦታ ልለይ አልቻልኩም። «ትኖራለች» ብዬ የጀመርኳትን ሴትዮ «ትኖር ነበር» ልበላት ወይስ ምንም እንዳልሆነ ልቀጥል? ታሪኩ ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ስለ ሁለት እህትማማች ውርስ። ድንገት ስለ ሰፈሩ መሆን አማረው። ሁለቱን ማስታረቅ አቃተኝ። ገጽ 212 ላይ ደብተሩ ተዘጋ።

ለሌላ ጸሐፊ ይህ ሲሳይ ነው። አንዴ የጨረሰ ሰው መሃል ላይ የሚመጣውን ድንጋጤ ያውቀዋል፤ መጽሐፉ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። እንዲያውም ከኔ የተሻለ እጅ ያን ዓመት ይዞ ትልቅ ነገር ይሠራበት ነበር። እኔ ግን ጨርሼ ስለማላውቅ ለውጡን እንደ ማቆሚያ ምክንያት ወሰድኩት። የአንድ ዓመት ችግሩ ይህ ነው፤ ረጅም ነው። በመስከረም የጀመረው ሰውና በሰኔ የሚጨርሰው ሰው አንድ አይደሉም። ከተማውም አንድ አይደለም፣ በተለይ አሁን። በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ ከተማው ሳይቀየር ትጨርሳላችሁ፤ አዲስ አበባ ላይ እሱም ዋስትና አይደለም።

ሌላው፣ አንድ ቀን ብትዘሉ ምንም አይመጣም። ችግሩም እሱ ነው። ሩጫ ላይ አንድ ቀን መዝለል ነገ 2,000 ነው፤ ያማል። እዚህ ግን ዝለሉት፣ ዓመት አለ። ደብተሬን ገልጬ ስቆጥረው በየካቲት ብቻ 11 ቀን ዘልያለሁ።

ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ

ተከታታይ ታሪክ የእኛ ሰው ይወዳል። በሬዲዮ ትረካ ያደገ አገር ነው። ስለዚህ በ2017 መጀመሪያ ቻናል ከፍቼ በየሐሙስ ማታ አንድ ምዕራፍ መልቀቅ ጀመርኩ። አንባቢዎቼ 64 ደረሱ። ዴድላይኑ ፊት አለው፤ ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲያልፍ «ጸሐፊው ተኛህ እንዴ?» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህ የትም አይገኝም።

ግን የተለቀቀ ምዕራፍ አይታረምም። ምዕራፍ ሦስት ላይ የሠራሁት ስህተት ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አንገቴን ያዘኝ፤ ሰው አንብቦታል። ከዚያ ደግሞ አንባቢ ይመራችኋል። «ለዚያ ልጅ እንዳትድሪያት» ብለው የጻፉልኝን (ሴት መስያቸው ነበር) ቆጥሬ ፈራሁና ሳልድራት ቀረሁ። መዳር ነበረባት። ሰው በሚቀጥለው ሐሙስ እንዲመለስም በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር መፈጠር አለበት። በ11 ምዕራፍ ውስጥ ስምንት ጊዜ በር ተንኳኳ። ከሰባተኛው በኋላ ማን እንደሚያንኳኳ እኔም አላውቅም ነበር። በመጨረሻ አንድ ሌላ ቻናል ታሪኩን ያለ ስሜ ሲለጥፈው አየሁና ቅስሜ ተሰበረ። ተውኩት።

ማን ይሞክረው? ጨዋታ አዋቂ፣ ትችት የማይደብረው፣ መጨረሻውን ከመጀመሪያው የሚያውቅ ሰው። ወይም ረቂቁን በ30 ቀን ጨርሶ፣ አርሞ፣ ከዚያ እየቆራረሰ የሚለቅ። ሁለተኛው እንዲያውም ብልሃት ነው።

ጳጉሜ

አምስት ቀን። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ልብ ወለድ አይጻፍባትም፣ ግን በቀን 1,000 ቃል እግራችሁ ይችል እንደሆነ መለኪያ ናት። አንድ አጭር ልብ ወለድ ይወጣታል። ካልቻላችሁ የጠፋባችሁ አምስት ቀን ነው፣ ማንም አላየም።

ለሚሮጥ ሰው ጥቂት የእጅ ነገር

ቦታ ቀድማችሁ ምረጡ። ቶሞካ ፒያሳ ቡናው ሌላ ነው፤ ግን ቆመው የሚጠጡበት ቤት ነው፣ ላፕቶፕ አይዘረጋበትም። ሶኬት ያለበት፣ ሙዚቃው የማይጮህ፣ አንድ ማኪያቶ ይዛችሁ ሁለት ሰዓት ስትቀመጡ የማይገላምጣችሁ ቤት ፈልጉ። ጉርሻ ስጡ። የአስተናጋጅ ሐሳብ ያስፈልጋችሁ ይሆናል።

ትናንት የጻፋችሁትን አታንብቡ። የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ። ካነበባችሁ ታርማላችሁ፣ ካረማችሁ ዛሬ ያልቃል።

ብቻችሁን አትሁኑ። እኛ ሦስት ሆነን የቃል ዕቁብ ገብተን ነበር። ማታ ማታ እያንዳንዳችን የቃል ቆጠራችንን በስልክ እንልካለን። 1,000 ያልሞላለት ቅዳሜ ቁርስ ይጋብዛል። አንዱ ወዳጃችን አራት ቅዳሜ በተከታታይ ፍርፍር ጋበዘን። ልብ ወለዱን አልጨረሰም፣ ግን አሁን ጳጉሜን እየጠበቀ ነው።

ስትጨርሱ ደግሞ አትሙት። ለማሳተም ማለቴ አይደለም፤ በወረቀት አውጡት ማለቴ ነው። እኔ ነሐሴ 1 ጠዋት ፍላሹን ይዤ ስድስት ኪሎ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ስለሆነ ሥራቸው ሁሉ የተማሪ ጽሑፍ መጠረዝ ነው። ልጁ ወረቀቱን እያስተካከለ በስፓይራል ሊወጋው ሲል ሽፋኑን ፈለገ፣ አላገኘም።

«ፋዘር፣ የማስተርስ ነው?»

«አይ፣ ልብ ወለድ ነው።»

ገልጦ አንድ ሁለት መስመር አነበበ። ከዚያ ሰልፉን አየ፤ ከኋላዬ አምስት ተማሪ ቆሟል።

«እሺ፣ ማስገቢያው መቼ ነው? የሚቸኩል ከሆነ ላስቀድምህ።»

«ትናንት ነበር» አልኩትና ወደ ጎን ቆሜ ልጆቹን አሳለፍኩ።